ሦስት ድርሰት በአንድ ሳምንት

የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ከፈተና ሳምንት ይልቅ የሚያስጨንቀው የድርሰት ማስረከቢያ ሳምንት ነው። ፈተና ምንም ቢከብድ በሰዓቱ ያልቃል፤ ድርሰት ግን ከታዘዘበት ቀን ጀምሮ እስኪያስረክቡት ድረስ እንቅልፍ ይነሣል። ረቡዕ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር»፥ ሐሙስ ስለ «ጦቢያ»፥ ዓርብ ደግሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለ መለሰው «ኦቴሎ» ድርሰት አምጣ የተባለ ተማሪ እንግዲህ ሰኞ ማታ ምን ያድርግ?

ብዙዎቻችን የምናደርገው የታወቀ ነው። ሰኞን በማማረር እናሳልፍና ማክሰኞ ሌሊት ብዕር እናነሣለን። ያን ጊዜ ለማሰብ ፋታ ስለማይገኝ፥ ወይ የመጽሐፉን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንተርካለን፤ ወይም ከጓደኛ ደብተርና ከስልክ እንገለብጣለን። ነገር ግን መምህራችን ታሪኩን ያውቀዋል፤ የጠየቀን ፍርዳችንን ነው።

በእኔ አስተያየት ሳምንቱን የሚያጠበው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሳያስቡ መጻፍ መጀመር ነው። ስለዚህ ሰኞ ማታ አንድም ድርሰት አይጀመር። ሦስቱ ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይገልበጡና ከያንዳንዳቸው ሥር መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ይህ ዐረፍተ ነገር ሌላ ሰው «የለም፥ እንዲህ አይደለም» ብሎ ሊከራከረው የሚችል መሆን አለበት። ክርክር የማያስነሣ ከሆነ ገና ፍርድ አልተሰጠም ማለት ነው።

ለምሳሌ «የፊታውራሪ መሸሻን ጠባይ አስረዳ» ተብለን እንደ ሆነ፥ «ፊታውራሪ መሸሻ ባላባት ነበሩ» ብንል ማንም አይከራከረንም። «ፊታውራሪን የጣላቸው የገዛ ኩራታቸው ነው» ብንል ግን ሥራ ጀመርን። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን ሁሉ እንደ ገና ማንበብ አያስፈልግም፤ ማስረጃው ያለበትን ምዕራፍ መፈለግ ይበቃል። ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥናት ባል የለም እያሉ ጠያቂዎቿን መመለሳቸው አንድ ማስረጃ ነው። ከልማድ ውጭ የጠየቁትን እምቢ ባሏቸው ገበሬዎች ላይ ዘምተው መማረካቸው ሁለተኛ ማስረጃ ነው። ሌላው ተማሪ ደግሞ ጉዱ ካሣን ምስክር ጠርቶ «ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የሥርዓቱ ነው» ቢል፥ እሱም ማስረጃውን እስካቀረበ ድረስ ሙሉ ዋጋ ይገባዋል። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው «ጦቢያ»ም እንዲሁ ነው፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ መልበሷን መተረክ ቀላል ሲሆን፥ ለምን እንደዚያ ማድረግ እንዳስፈለጋት መፍረድ ግን የተማሪው ፈንታ ነው።

ይህ አሠራር ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ቅኔውን የሚቈጥረው ለብቻው ጸጥ ካለ ቦታ ሄዶ ነው፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረማል። ሌላው የተቀኘውን ደግሞ ቢያቀርብ ተቀኘ አይባልም። እኛም የዚያ አገር ልጆች ነን።

ሰኞ ሦስቱ ፍርዶች ከተጻፉ የቀረው ይቀላል። ማክሰኞ የረቡዑ፥ ረቡዕ የሐሙሱ፥ ሐሙስ የዓርቡ ድርሰት ይጻፋል። መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍት አንድ ብቻ ቢሆን፥ ሦስት አራት ሆኖ ተራ ይዞ ማንበብና ገጹን በማስታወሻ መያዝ ነው፤ ማስረጃ መካፈል መረዳዳት ሲሆን ፍርድ መካፈል ግን መስረቅ ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጽሕፈቱ በቀን ብርሃን ቢጀመር ይመረጣል። ከማስረከብ በፊትም ድርሰቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ዓይን ያለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋል።

ለመምህሮቻችንም በአክብሮት የምናቀርበው አንድ ልመና አለን። የሁሉም ትምህርት የማስረከቢያ ቀን በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፥ የትኛው ከየትኛው እንደሚጋጭ ተማሪውም መምህሩም አስቀድሞ ያየው ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ከትምህርት ቤት ከወጣን በኋላ «አንተ ምን ትላለህ? አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠይቆ፥ መልሳችንን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት የሚያነብልን ሰው ብዙ አናገኝም። ዛሬ ግን በየድርሰቱ እንጠየቃለን። የሰውን መልስ ገልብጦ የሚያስረክብ ተማሪ ማርክ ያገኝ ይሆናል፤ የመናገር ተራውን ግን ለሌላ ሰጥቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ሰኞን ለማሰብ ያልሰጠ ሰው ዓርብን ለመልቀም ይሰጣል።