የኢንፍራሬድ መለኪያን በእጅ መሥራት፤ ፈተናው የት ላይ ነው?

በይርጋጨፌ ወረዳ በምትገኘው ኢዲዶ ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል እርጥበት ቀረው?» የሚል ነው። ለማከማቸት ተስማሚ የሚሆነው ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ይሻግታል፣ እጅግ ካነሰ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል። ውኃ በዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር በ970 ናኖሜትር አካባቢ ይውጣል። ይህን የሚለካ ስፔክትሮሜትር ተማሪዎች በራሳቸው እጅ ሊሠሩ ይችላሉን? ይችላሉ ባይ ነኝ፤ መነሻውን ከመረጡ።

ብዙዎች የሚመኙት በኬሚስትሪ መጻሕፍት የሚታየውን፣ ከ2.5 እስከ 25 ማይክሮሜትር የሚለካውን መሣሪያ ነው። በዚያ ክልል ግን ተራ መስታወት ጨረሩን በአብዛኛው አያሳልፍም፤ ምትኩ የሆነው የፖታሲየም ብሮማይድ ጨውም የአየሩን እርጥበት እየሳበ ይደበዝዛል። ግድግዳውና የሠሪው እጅ ሳይቀሩ በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ ጨረር ስለሚያመነጩ የሚፈለገው ምልክት በዙሪያው ሙቀት ይዋጣል።

ለሚታየው ብርሃን የቀረበው ኢንፍራሬድ ግን ቸር ነው። ዊልያም ሄርሼል በ1800 እ.ኤ.አ. ያገኘው በፕሪዝምና በቴርሞሜትር ነበር። ዛሬ ባለክር አምፖል ጨረሩን ይሰጣል፤ የኢንፍራሬድ ማገጃው የወጣለት የኮምፒውተር ካሜራ እስከ 1000 ናኖሜትር ገደማ ያያል። ጨረሩን ለመበተን የሚያገለግለው ሲዲ እንጂ ዲቪዲ አይደለም። የዲቪዲ መስመሮች በ740 ናኖሜትር ብቻ ስለሚራራቁ በቀጥታ የወደቀባቸውን የ970 ናኖሜትር ጨረር ሊበትኑ አይችሉም፤ የሲዲው 1600 ናኖሜትር ግን በ37 ዲግሪ ገደማ ይልከዋል።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ማዕዘን የ485 ናኖሜትር ሰማያዊ ብርሃን በሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም የሞገድ ርዝመቱ በእጥፍ ተቆጥሮ፣ ይደርሳል። ስለዚህ የሚታየውን ብርሃን የሚያግድ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ጠባዩ ከታወቀ ግን ይኸው ችግር አገልጋይ ይሆናል፤ የፍሎረሰንት መብራት የሜርኩሪ መስመሮች 436 እና 546 በእጥፍ በ872 እና በ1092 ቦታ ስለሚያርፉ፣ ማጣሪያው ለጊዜው ወጥቶ ስኬሉ ይታረምባቸዋል።

ከሁሉ የከበደው ልኬቱን ማስታመን ነው። የኤሌክትሪኩ መዋዠቅ አምፖሉን ይለዋውጠዋል፤ የፍሬው መጠንና ገለፈት ጨረሩን ይበትነዋል። ስለሆነም አምፖሉ በባትሪ ይብራ፤ ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት ነጭ የቧንቧ ቴፍሎን ይለካ፤ ንባቡም ናሙናው በኦቭን ደርቆ ከሚያሳየው የክብደት ልዩነት ጋር ይነጻጸር።

በዲላም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚገኙ የሳይንስ ፋኩልቲዎች እንዲህ ያለውን ሥራ በመሣሪያው ውበት ሳይሆን ስሕተቱን በቁጥር በመግለጹ ሊመዝኑት ይገባል። «11 በመቶ፣ ሲደመር ሲቀነስ 3» የሚል መሣሪያ ገና ቡና አይሸጥበትም፤ ነገር ግን ቀጥሎ ምን መታረም እንዳለበት ለተማሪው በሐቅ ይነግረዋል።