ለብቻ መጓዝ ነውር ነውን?

በአገራችን ዓውደ ዓመትን ለብቻ ማሳለፍ እንደ ነውር፥ ይልቁንም እንደ ርግማን የሚቈጠር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዘመድ የሌለውን ሰው እንኳ ጎረቤት ይጠራዋል እንጂ ገናን ብቻውን አይውልም። እኔም ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በቤታችን የተነሣው ክርክር አሳቤን ስላስለወጠኝ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ።

በአሜሪካ አገር በነርስነት የምትሠራ አክስት አለችኝ። የፈረንጆችን ገና፥ ማለት በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን የሚውለውን፥ ከሚያሚ ወደብ ተነሥቶ ወደ ባሐማስና በሜክሲኮ ወደምትገኘው ወደ ኮዙሜል ደሴት በሚሄድ የሽርሽር መርከብ ላይ ብቻዋን አሳለፈች። ፎቶግራፉ በደረሰን ጊዜ ቤቱ በጫጫታ ተመላ። እናቴ «ባል የላት፥ ልጅ የላት፥ ደግሞ በባሕር ላይ ብቻዋን!» ብላ አዘነች፤ አያቴ «ያውም በጾም!» አሉ። አጎቴ የጠየቀው ግን ዋጋውን ብቻ ነበር።

የዋጋው ነገር በእውነት ያስገርማል። የመርከብ ኩባንያዎች ዋጋ የሚያወጡት በአንድ ክፍል ሁለት ሰዎች ያድራሉ ብለው ስለ ሆነ፥ ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሌለውን የሁለተኛውን ሰው ሒሳብ ጭምር ይከፍላል። አክስቴም የከፈለችው እጥፍ ነው። የሚበላው አንድ ሆድ፥ የሚተኛው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? እርግጥ ነገሩን ያስተዋሉ አሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ሥራ የጀመረችው ኖርዌጂያን ኤፒክ የተባለች መርከብ ለአንድ ሰው የሚሆኑ 128 ጠባብ ክፍሎችና ለእነርሱ የጋራ ማረፊያ ይዛ ተነሣች፤ ለኩዊን ሜሪ 2ም በ2016 እንደዚህ ያሉ 15 ክፍሎች ተጨመሩላት። በአንድ መርከብ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ስለሚሳፈር ግን ይህ እጅግ ጥቂት ነው።

እኔን ከዋጋው ይልቅ የከነከነኝ ሌላ ነው። ልጆች ያሏቸው ባልደረቦቿ ከቤተ ሰባቸው ጋር እንዲውሉ፥ ለብዙ ዓመታት በዚያ ዕለት በሆስፒታል ተረኛ የምትሆነው አክስቴ ነበረች። ሲመሽ ሰው ወደሌለበት ቤቷ ትገባለች። ያን ጊዜ ብቻዋን ናት ብሎ ያዘነላት ከእኛ መካከል ማን ነው? ለእኛ ገና የበግ መግዣ ስትልክልን ግን በየዓመቱ ተቀብለናል፤ በእግሬ ያለውም ጫማ የተገዛው ከዚያው ነው።

በስልክ «እቴትዬ፥ ብቻሽን አልከፋሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ራት ላይ ብቻችንን የመጣነውን ሰዎች በአንድ ገበታ አስቀመጡን» አለችኝ። «አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት አትክልት ብቻ ስበላ አይታ ምክንያቱን ጠየቀችኝ። ስለ ጾመ ነቢያት ስነግራት ራቱ አለቀ። በሆስፒታል ሳለሁ እኮ የሚጠራኝ ደወል ብቻ ነበር።»

መርከብ ቤትን ይተካል አልልም። በዚያ ቡና አይፈላም፥ ጎረቤትም ዘው ብሎ አይገባም። ዳሩ ግን ሰውን በሩቅ አገር ብቻውን ትተን ስናበቃ፥ ብቸኝነቱን ይዞ ባሕር ላይ ወጣ ብለን መውቀሳችን ተገቢ አይመስለኝም።

እናቴ በዚህ እስካሁን አልተስማማችም። ሆኖም በግድግዳችን ላይ ባለው የቀን መቍጠሪያ ታኅሣሥ 16ን አክብባበታለች፤ አክስቴ በዚያ ቀን የት እንደምትሆን ጠይቄ፥ በሰዓቱ ደውዬ እንዳገናኛትም አዛኛለች።