በባለጉዳይና በጠበቃ መካከል ደላላ ምን ይሠራል?

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ደላላን ያውቃል። ቤት ለመከራየትም ሆነ ጭነት ለማግኘት፣ ከጎማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ በመካከል የሚቆም ሰው አይጠፋም። በንግድ ዓለም ይህ ጥቅም አለው፤ ገዢና ሻጭን አገናኝቶ ድርሻውን ይወስዳል። ነገር ግን ፍርድ የሚሻ ሰው መብቱን እንደ በርበሬ ኩንታል በደላላ እጅ ሊያስመዝን ይገባልን?

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአክስቴ ጉዳይ ነው። አክስቴ በመርካቶ፣ በአዲስ ከተማ፣ በአንዲት የቀበሌ ሱቅ እየነገዱ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። የኪራዩ ውል በሟች ባለቤታቸው ስም እንደነበረ ቆይቶ አንድ ቀን «ሱቁን ይልቀቁ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤውን ይዘው ሲንከራተቱ አንድ «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» ባይ አገኛቸው።

«እትዬ፣ ጠበቃ ዘንድ ራስዎ ከሄዱማ በገንዘብ ያራቁትዎታል። እኔ የማውቀው አለ፤ ለእኔ ይተዉት» አላቸው።

ተዉለት። ዛሬ ለማመልከቻ፣ ነገ ለቴምብር፣ ከነገ ወዲያ «ለጠበቃው» እያለ ገንዘብ ተቀበላቸው። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ጠበቃ የተባለውን ሰው አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው አላዩትም። ክሱም የተጻፈው ሰውዬው በሰማውና በመሰለው ልክ ነበር። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤቱ «ይህን ጉዳይ ለማየት ሥልጣን የለኝም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ለካስ ክሱ የቀረበው ለፌዴራል ፍርድ ቤት ኖሯል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር ግን ከተማው በሚያስተዳድራቸው የመንግሥት ቤቶች ላይ የሚነሣ ክርክር የከተማው ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው።

በመጨረሻ አክስቴን ይዤ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። የመጀመሪያ ጥያቄው «እናቴ፣ ኪራዩን በማን እጅ ነበር የሚከፍሉት?» የሚል ነበር። አክስቴም «በራሴ እጅ ነዋ! ደረሰኙ ሁሉ ቤት በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አለ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚያ ሣጥን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም! ክርክሩ ገና አላለቀም፤ አሁን ግን ዳኛው ደረሰኞቹን አይቷል።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ነገሩን ከሌላው ዓለም ጋር እናስተያየው። በእንግሊዝ አገር የሕግ ሙያ ከጥንት ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሶሊሲተር የሚባለው ባለጉዳዩን ተቀብሎ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ባሪስተር የሚባለው ደግሞ ችሎት ቆሞ ይከራከራል። ለረጅም ዘመን ተራው ሕዝብ ባሪስተሩን የሚያገኘው በሶሊሲተሩ በኩል ነበር። እዚያ እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ባለጉዳይ ለዚህ የሠለጠነ ባሪስተርን በቀጥታ እንዲቀጥር በሩ ተከፍቷል።

በእኛ አገር ግን ይህን የመሰለ ክፍፍል የለም። ሰነዱን የሚያዘጋጀውም፣ ችሎት የሚቆመውም ያው ጠበቃ ነው። አባቶቻችን «ተጠየቅ!» እየተባባሉ ራሳቸው ቆመው ይሟገቱ ነበር፤ ዛሬም ማንም ሰው የራሱን ጉዳይ ራሱ ሊከራከር ይችላል። እንግዲህ ሕግ ያልሠራውን ግድግዳ የሠራነው እኛው ነን ማለት ነው።

«ድሀ በምኑ ጠበቃ ይቀጥራል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሆኖም አክስቴ ለዚያ ሰው በየጊዜው የቆጠሩት ብር ቢደመር ለጠበቃ በበቃ ነበር። ከዚህም ሌላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ፣ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሎበታል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249ም የነፃ አገልግሎትን ግዴታ አልተወውም። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ሊያመለክት ይችላል። በወንጀል የተከሰሰ ድሀም ተከላካይ ጠበቃ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ጉድለቱ ይህን የሚነግር ሰው መጥፋቱ ነው።

ይህ ሲባል ግን በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሁሉ መኰነኔ አይደለም። ፊደል ላልቆጠረ ሰው እጅ ይሆነዋልና። የምቃወመው የሰውን ጉዳይ ከባለቤቱ ወስዶ የራሱ የሚያደርገውን ነው።

ነገሩ እኛን ዕጩ መምህራንን በይበልጥ ይመለከታል። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ «መምህር፣ እስቲ ይችን ደብዳቤ አንብብልኝ» የሚሉ እናቶችና አባቶች መምጣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ እኛም ሳናውቀው ደላላ እንዳንሆን እንጠንቀቅ። ደብዳቤውን እናንብብላቸው፤ ከዚያም ሦስት ነገር እንምከራቸው። አንደኛ፣ ጠበቃ ነኝ የሚለውን ሰው ፈቃዱን ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የክፍያውን ውል በጽሑፍ ያድርጉ፣ ለከፈሉትም ደረሰኝ ይቀበሉ። ሦስተኛ፣ ቃል በቃል ሳይነበብላቸው፣ ሰውየውንም በአካል ሳያውቁት ውልና ማስረጃ ሄደው ውክልና አይስጡ።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል። ስለ ቆርቆሮው ሣጥን የሚያውቁት አክስቴ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ባለጉዳይ ከጠበቃው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ የእኛ ድርሻ እስከ በሩ መምራት ነው እላለሁ።