የወንዝ ዳር እጥበት በእርግጥ ነጻ ነውን?

ንጽሕና የጤና መሠረት መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። የንጽሕናን ዋጋ አስልቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ልብሱን ለላውንደሪ የሚሰጥ ሰው ለሸሚዙ ይህን ያህል፣ ለኮቱ ይህን ያህል ተብሎ ደረሰኝ ይቆረጥለታልና ወጪውን ያውቀዋል፤ ተወደደብኝ ብሎም ያማርራል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የሚኖረው ገበሬ ግን ልብሱ ወንዝ ወርዶ፣ ታጥቦ ሲመለስለት ደረሰኝ የሚሰጠው ስለሌለ በነጻ ያገኘው ይመስለዋል። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ይህ ግምት ትክክል አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

በመጀመሪያ አገሩን እንመልከት። የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው፣ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ብርዳም አገር ነው። ሕዝቡም ብርዱን የሚከላከለው ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ፈትለው፣ ወንዶቹ በሚሸምኑት ባናና በርኖስ፣ እንዲሁም በጋቢ ነው። ይህ ልብስ በደረቅነቱ ያሞቃል፤ ውሃ የጠጣ እንደ ሆነ ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እርሱን ተሸክሞ ቁልቁለቱን መውረድ፣ እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ መርገጥ፣ ጨምቆ በሣር ላይ ማስጣት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ በመጨረሻም አቀበቱን ይዞ መውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ውሃውን እናሙቅ ቢባል ደግሞ እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት ደጋ የሚነደው ኩበት ነው። ያ ኩበት በማሳ ላይ ቢበተን ማዳበሪያ በሆነ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንያዝ። አንዲት እመቤት በሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ ለእጥበት ታውላለች ብንል፣ በዓመት 52 ግማሽ ቀን፣ ይኸውም 26 ሙሉ ቀን ይሆናል። በዚህ ሁሉ ቀን ስንት ልቃቂት ይፈተል ነበር? ቅዳሜዋን በወንዝ ዳር የምታሳልፈው ተማሪ ልጃገረድስ ስንት ገጽ ታነብ ነበር? ከባዱን ጋቢ ወንዶች በእግራቸው እየረገጡ ማጠብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ መልካም ልማድ በቀረበት ቤት ግን ሸክሙ ሁሉ በሴቲቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ በእርስዋ ላይ ስለ ወደቀም ዋጋ እንደሌለው ይቈጠራል።

የሳሙናውም ነገር አለ። ቀድሞ እንዶድ ከአጥር ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ ያለ ገንዘብ ያነጻ ነበር፤ ዛሬ ሳሙናው ከገበያ ይገዛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለታወቀው ምርምራቸው መነሻ ሆነ። ያ ለመልካም ሆነ። ነገሩ ግን ሌላም ያስተምረናል፤ ከላይ የታጠበው ሁሉ ከታች ይደርሳል። ስለዚህ የእጥበቱን ዋጋ ከፊሉን የሚከፍለው ከታች የሚቀዳው ጎረቤት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ በ1832 እ.ኤ.አ. ኮሌራ በገባ ጊዜ ኪቲ ዊልኪንሰን የተባለች ድኻ ሴት፣ በቤትዋ በነበረው ትልቅ የውሃ ማፍያ ጎረቤቶችዋ በሳምንት አንድ ፔኒ እየከፈሉ ልብሳቸውን እንዲያጥቡ ፈቀደች። በ1842 ከተማው የሕዝብ መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ ቤት ከፈተ፤ በ1846ም ፓርላማው ሌሎች ከተሞች እንዲህ ያለውን ቤት እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ደንበኛው እየከፈለ ልብሱን ራሱ በኤሌክትሪክ መኪና የሚያጥብበት ቤት ግን፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በአሜሪካ በቴክሳስ የተከፈተው በ1934 ነው። እንግዲህ የጋራው ገንዳ መኪናውን ከ90 ዓመት በላይ ቀድሞታል። እኛም መኪናው እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ምንጭ ሲጎለብት ወይም ቦኖ ሲተከል፣ ከመቅጃው ራቅ ብሎ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ወገብ የማያጎብጥ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አብሮ ይሠራ። እጣቢው ወደ ወንዙ እንዳይመለስ መውረጃና ጉድጓድ ይበጅለት። ለጠባቂና ለጥገና የሚሆን ጥቂት ሳንቲም ከየቤቱ ይዋጣ።

«ድኻው ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» የሚሉ ይኖራሉ። መልሳችን ዛሬም እየከፈለ ነው የሚል ነው። የሚከፍለው በሚስቱ ወገብ፣ በልጁ ቅዳሜ፣ በማሳው ማዳበሪያ ነው። በከተሞቹም መኪና አስገብቶ ላውንደሪ ለመክፈት የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር፣ ዋጋው ውድ ነው ወይም ርካሽ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ከ26ቱ ቀን ጋራ እናመዛዝነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ቀሚሱ ለጥምቀት ነጥቶ እንዲወጣ ሁላችንም እንወዳለን። ያነጻችው እጅ ግን በብርድ ተሰነጣጥቃ ከሆነ ደስታው ምሉዕ አይደለም። የየቀበሌው ሽማግሌዎችና ሹማምንት በሚቀጥለው ስብሰባቸው ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት ሲነጋገሩ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያ ገንዳም አንድ ቃል እንዲያነሡ፣ ያን ጊዜም ሴቶቹ ራሳቸው ተጠርተው እንዲናገሩ እናሳስባለን።