መለኪያውን ማን ለካው?

ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን፣ ሂግስ ቦዞን የሚመስል አዲስ ቅንጣት መገኘቱን ለዓለም አበሰረ። ስለ ግኝቱ ብዙ ተብሏል፤ ግኝቱን ስላስቻሉት መለኪያዎች ግን የተባለው ጥቂት ነው። ለአገራችን ተማሪ ዋናው ትምህርት ያለው በመለኪያዎቹ አፈታተን ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ሂግስ ከታየባቸው መንገዶች አንዱ ወደ ሁለት ፎቶኖች ሲፈርስ ነው። ሲኤምኤስ በተባለው ሙከራ ውስጥ የእነዚህን ፎቶኖች ጉልበት የለካው ከ75,848 የሊድ ተንግስቴት ክሪስታሎች የተሠራ ካሎሪሜትር ነው። ክሪስታሉ እንደ መስታወት የጠራ፣ እፍጋቱም ከብረት የሚበልጥ ነው። ፎቶን ሲገባበት የኤሌክትሮን፣ የፖዚትሮንና የፎቶን ዶፍ ይፈጠራል፤ ዶፉም በክሪስታሉ ውስጥ ደካማ ብርሃን ይፈነጥቃል። የብርሃኑ መጠን የገባውን ጉልበት ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ በገበያችን ቁና ከቁና እንደሚለያይ ሁሉ ክሪስታልም ከክሪስታል ይለያያል። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ሲል እንኳ ብርሃኑ በ2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ክሪስታሎቹ በ18 ዲግሪ ገደማ ሙቀት እንዲቆዩ ይደረጋል። የመሣሪያው በርሜል መሰል ክፍል እያንዳንዳቸው 1,700 ክሪስታሎች የያዙ 36 ጓዞች አሉት። ከእነዚህ 9ኙ ጉልበቱ አስቀድሞ በታወቀ የኤሌክትሮን ጨረር ተፈተኑ። 36ቱም ደግሞ እያንዳንዳቸው ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ከሰማይ በነጻ በሚወርዱ ሚዮኖች ተመዘኑ።

ታዲያ ይህ በምሥራቅ ጎጃም፣ በጉንደ ወይን ለሚማር ወጣት ምኑ ነው? ሚዮኖቹ በጉንደ ወይን ሰማይ ሥርም ይወርዳሉ፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ እንዲያውም ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ይበዛሉ። እርግጥ ነው፣ ሚዮን የሚቆጥር መሣሪያ በየትምህርት ቤቱ አይገኝም። የአፈታተኑን ሥርዓት ለመማር ግን ቴርሞሜትርና የፈላ ውሃ ይበቃሉ። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፣ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ አገር የሚማር ተማሪ 92 አንብቦ፣ መጽሐፉ 100 ስለሚል ብቻ ያነበበውን ሰርዞ 100 ቢጽፍ ምን ይባላል? ማርክ ያገኝ ይሆናል፤ ሳይንስ ግን አልተማረም። ልዩነቱ ከቴርሞሜትሩ ነው ወይስ ከከፍታው ብሎ የጠየቀ፣ ሌላ ቴርሞሜትር አምጥቶ ያመሳከረ ተማሪ ግን የሰርን ባለሙያዎች ለክሪስታሎቻቸው ያደረጉትን አድርጓል።

«መሣሪያ በሌለበት ስለ ፍተሻ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን ፍተሻ ይበልጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ በጠፋበት ቦታ ነው እንላለን፤ ያለው አንድ መለኪያ ቢዋሽ የሚያርመው ሌላ የለምና። ነገ በጤና ጣቢያ የደም ግፊት የሚለካው፣ በእርሻ ጣቢያ የዝናብ መጠን የሚመዘግበው የዛሬው ተማሪ ነው። ያልተፈተሸ መለኪያ በእጁ ሲገባ ቁጥሩን እንዲሁ የሚያምን ከሆነ፣ ጉዳቱ ለታማሚውና ለገበሬው ይተርፋል።

ስለዚህ መምህራን በእያንዳንዱ የቤተ ሙከራ ዘገባ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፦ «መለኪያህን በምን አረጋገጥኸው? አንቺስ በምን አረጋገጥሽው?» መጽሐፉን የማይመስል፣ ነገር ግን በሐቀኝነት የተመዘገበና ምክንያቱ የተመረመረ ውጤት ሙሉ ማርክ ይገባዋል።