ልጁን ማን ያውቀዋል?



የምዝገባ ወቅት በደረሰ ቁጥር በየካ ሰፈሮች፣ ከፈረንሳይ እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ እስከ ካራ፣ አንድ ወሬ ይነሳል። «ልጅህን የት አስገባኸው?» መስጂድ በር ላይ ጫማ ስናደርግም፣ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንቆምም የምንጠያየቀው ይኸው ነው። ተከትለው የሚመጡት ጥያቄዎችም የታወቁ ናቸው፦ ክፍያው ስንት ነው? እንግሊዝኛው እንዴት ነው? ሰርቪስ አለው? ባለፈው ዓመት ከስድስተኛ ክፍል ስንት ልጅ አሳለፈ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ የሚከፈለው ብር በላብ የተገኘ ነው። ነገር ግን ከሁሉም በፊት መምጣት ያለበትን ጥያቄ ሲጠየቅ እምብዛም አንሰማም፦ እዚያ ግቢ ውስጥ ልጄን የሚያውቀው ማን ነው?

ማወቅ ስንል ስሙን ከስም መጥሪያው ላይ ማንበብ ማለታችን አይደለም። ምን እንደሚያስፈራው፣ ምን እንደሚያስደስተው፣ ትናንት ሲስቅ የዋለው ልጅ ዛሬ ለምን ዝም እንዳለ የሚያስተውል አንድ ትልቅ ሰው አለ ወይ ማለታችን ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሳሳን የአንዲት እህታችን ገጠመኝ ነው። የእሷንም የትምህርት ቤቶቹንም ስም አንጠቅስም፤ ቁም ነገሩ ስሙ ላይ አይደለም። ልጇ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ የተማረው ባለ ፎቅ ሕንፃ ያለው፣ ስመ ጥር በሆነ የግል ትምህርት ቤት ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከሃምሳ በላይ ልጆች ነበሩ። በመገናኛ ደብተሩ ላይ በየሳምንቱ «አይከታተልም»፣ «የክፍል ሥራ አልጨረሰም» እየተባለ ይጻፍ ነበር። እናት ትቆጣለች፣ አባት ይገርፋል፣ አስጠኚም ተቀጠረ። ልጁ ግን ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመው ጀመር። ቅዳሜና እሑድ አያመውም።

በጎረቤት ጥቆማ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ከፍ ብሎ ወዳለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ወሰደችው። ግቢው የመኖሪያ ቤት የነበረ ነው። በአንድ ክፍል ሃያ ልጅ አይሞላም። ርእሰ መምህርቷ ስለ ክፍያ ከማውራታቸው በፊት እናትና አባቱን አስቀምጠው ጠየቁ፦ ስንት ሰዓት ይተኛል? ቤት ውስጥ ከማን ጋር ይውላል? ምን መጫወት ይወዳል? ቁርኣን የሚቀራው መቼ ነው? እህታችን ስትነግረን «ኡስታዝ፣ ግማሹን መመለስ አቃተኝ» አለችን።

በሦስተኛው ሳምንት መምህርቱ ደወለች። ልጁ ከጓደኛው ደብተር ሲገለብጥ አይሳሳትም፤ ከሰሌዳው ሲገለብጥ ግን ይሳሳታል፤ እባካችሁ ዐይኑን አስመርምሩት አለች። ተመረመረ፤ መነጽር ታዘዘለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ሲባል የኖረው ልጅ ሰሌዳው አይታየውም ነበር። የሆድ ሕመሙ ግን ወዲያው አልተወውም። ወራት ፈጀ፤ የገባ ፍርሃት በመነጽር አይወጣም።

እዚህ ላይ ትምህርት ቤቱን ገነት አድርገን ለመሳል አንፈልግም። እህታችንም አልሳለችውም። ልጆቹ ጓሮ ውስጥ ጎመንና ቆስጣ ይተክላሉ፤ ሾላ ገበያ ወርደው ሽንኩርት ገዝተው መልሱን ያስባሉ፤ ዳገቱን ወጥተው የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል ለይተው ይመጣሉ። የቤት ሥራ ግን ጥቂት ነው። አባትየው «ለጨዋታ ነው እንዴ የምንከፍለው?» ብሎ ነበር። የእንግሊዝኛው ነገር ከአክስቱ ልጅ ጋር ሲወዳደር ዝቅ ይላል። ሜዳው ጠባብ ነው። የሚወዳት መምህርት የተሻለ ደመወዝ አግኝታ በዓመቱ አጋማሽ ስትሄድ ልጁ ሳምንት አለቀሰ። የስድስተኛ ክፍል ፈተናም ከፊት አለ፤ እናት ስታስበው አሁንም ትሰጋለች።

ከሁሉም በላይ ያልጠበቁት ግን ትምህርት ቤቱ ከእነሱ ሥራ መፈለጉ ነው። በየወሩ እናትም አባትም እንዲመጡ ይጠራሉ። «ማታ ማታ አሥራ አምስት ደቂቃ አብራችሁት አንብቡ» ተባሉ። አባት «ታዲያ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» ሲል መምህርቷ «እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልጅም ይኸው ልጅ ነው» አለችው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ «ሁለንተናዊ ትምህርት» የሚል ጽሑፍ ያልተሰቀለበት የትምህርት ቤት በር ማግኘት ያስቸግራል። ቃሉ ግን በባነር አይገዛም። ልጅን በሁለንተናው ማሳደግ ማለት አእምሮውን፣ አካሉን፣ ጠባዩንና ልቡን አንድ ላይ ማየት ከሆነ፣ ይህን የሚያይ ዐይን ያለው ሰው ያስፈልጋል። ያ ዐይን ከወላጅ ይጀምራል። ትንሹ ትምህርት ቤት ለእህታችን ቤተሰብ ያደረገው ትልቁ ነገር ይህን ማስታወሱ ነው።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ተርቢያ የምንለው ይኸው ነው። ሉቅማን ለልጁ የሰጠውን ምክር ልብ በሉ። በአላህ ላይ አለማጋራት አለበት፣ የወላጅ ሐቅ አለበት፣ ሶላት አለበት፣ ትዕግሥት አለበት፤ ከዚያም አልፎ ልጁ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚራመድ፣ ሲናገር ድምፁን እንዴት እንደሚይዝ ይነግረዋል። ዐቂዳውም አረማመዱም በአንድ ምክር ውስጥ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም የሆነውን ትንሹን አቡ ዑመይርን፣ ይጫወትባት የነበረችው ወፍ ስትሞትበት ስለ ወፏ ይጠይቁት ነበር። የኡማው መሪ የአንድ ሕፃን ሐዘን የወፍ ሐዘን ነው ብለው አላለፉትም። ኢማም አል-ገዛሊ ልጅ ከትምህርት በኋላ መጫወት እንዳለበት፣ ከጨዋታ መከልከል ልቡን እንደሚገድለው ጽፈዋል። ኢብን ኸልዱንም ከ600 ዓመት በፊት በሙቀዲማቸው፣ በተማሪ ላይ ማክበድና ማስጨነቅ ልጁን ውሸትና ማስመሰል እንደሚያስተምረው አስጠንቅቀዋል።

ታዲያ እህታችን በመጨረሻ የጠየቀችን ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። «አሁን ከትምህርት ቤት እየዘለለ ነው የሚመጣው። ወደ መድረሳ ሂድ ስለው ነው የሚያለቅሰው። ለምንድን ነው ኡስታዝ?»

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አልሐምዱሊላህ፣ በፍቅር የሚያስተምሩ ብዙ ኡስታዞች አሉ፤ በደመወዝ ሳይሆን በአጅር ተስፋ የሚደክሙ ናቸው። ግን ደግሞ ሰባ ልጅ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ኡስታዝ ዱላ ይዞ የሚቆምባቸው መድረሳዎችም አሉ። ልጁ ስሙ የሚጠራው ሲሳሳት ብቻ ነው። ሂሳብ የሚያስተምረው ሰው ዐይኑ እንደማይታየው ያወቀለት ልጅ፣ የአላህን ቃል የሚያስተምረው ሰው ስሙን ካላወቀለት፣ ከሁለቱ ቦታዎች ልቡን የት ይተዋል? ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው መድረሳውን በራሱ ፈቃድ ይመርጣል ወይስ ይሸሻል የሚለው አሁን፣ በሰባት ዓመቱ እየተወሰነ ነው።

«ይህ ሁሉ የሀብታም ወሬ ነው» የሚል ይኖራል። ቅሬታው ተገቢ ነው። ብዙ የየካ ልጆች የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በሀገራችን የትምህርት ዕቅዶች ለአንደኛ ደረጃ ሲቀመጥ የቆየው መስፈርትም 50 ተማሪ ለአንድ ክፍል ነው። ቁጥር ለውጥ እንደሚያመጣም አይካድም። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመት በተደረገ ጥናት፣ ከ13 እስከ 17 ልጅ ባለበት ክፍል የተማሩ ሕፃናት ከ22 እስከ 25 ባለበት ከተማሩት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ግን ደግሞ ዛሬ የሀብታም ልጆች መለያ የሚመስለው የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሃ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ የተቀበለቻቸው ልጆች ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ደረጃ ላይ ሲንከራተቱ የሚውሉትን ነው።

ሩቅ ሀገር መሄድም አያስፈልግም። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች የነበረው የቂርአት ሥርዓት አንድ ሸኽ ብቻውን መቶ ልጅ እንዲያስተምር አልተወም። ቀድሞ የቀራው ደረሳ ጀማሪውን ያስይዛል፤ ሸኹ የደረሱትን ይሰማሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀው አንድ ታላቅ ነበረው። ይህ ሥርዓት ገንዘብ አልጠየቀም።

እናም ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው፤ ገና ላልወለዳችሁትም ጭምር። በየቤቱ ታላቅ ወንድምና ታላቅ እህት አላችሁ። አባት ሥራ ላይ ከሆነና እናት መጻፍ ማንበብ ካልቻለች፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ እናንተ ሂዱ። መምህሩን ስለ ውጤት ብቻ አትጠይቁት፤ «ወንድሜ ከማን ጋር ይቀመጣል? በእረፍት ሰዓት ምን ያደርጋል?» በሉት። መልሱ ከጠፋ መምህሩን አትውቀሱት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ልጁን ማየት ይጀምራል።

በአካባቢያችሁ መድረሳ ደግሞ ቁርኣን ያኸተማችሁ ከዐስር በኋላ አንድ ሰዓት ስጡ። አምስት ልጅ ያዙ፤ አምስት ብቻ። ስማቸውን፣ ቤታቸውን፣ የሚከብዳቸውን ሐርፍ እወቁ። የቀረ ልጅ ካለ በነጋታው ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ በክረምት ንባብና ሂሳብ አግዟቸው። መምህራን የሚያሠለጥነው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሰፈራችን ነው፤ እዚያ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ ያጠናችሁትን ለመድረሳ ኡስታዞች በአክብሮት አካፍሉ። ኡስታዞቹም ከእናንተ ትምህርት መቀበላቸው አያሳንሳቸውም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ተማሪ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ አመጣ ሲባል ሀገሩ ሁሉ ደነገጠ። ያ ውድቀት ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አልተወለደም። ሁለተኛ ክፍል ላይ ሰሌዳው ሳይታየው «ሰነፍ» ተብሎ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ላይም ጀምሯል።

እህታችን ልጇን ለሚቀጥለው ዓመት እዚያው አስመዝግባዋለች። አባቱም ሰሞኑን ማታ ማታ ያነብለታል፤ መጀመሪያ ላይ ልጁ ይሰለቸዋል ብሎ ነበር፤ አሁን አንድ ቀን ሲዘለል የሚያስታውሰው ልጁ ነው። የመድረሳው ጉዳይ ግን ገና አልተፈታም። እሱ የእኛ የሁላችንም የቤት ሥራ ነው።

ልጆች አማና ናቸው። አላህ አማናውን የሚወጡ ወላጆች፣ ኡስታዞችና ታላላቆች ያድርገን። ልጆቻችንንም በዲናቸውም በዱንያቸውም የሚጠቀሙ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።