ቤት መምታት ወይስ ቤት መሥራት?

በግጥም ላይ የሚነሣ ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከአንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ይኸውም ቤት መምታት የግጥም ልብስ ነው ወይስ የግጥም አካል? የሚለው ነው። ልብስ ነው የሚሉ ወገኖች ሐሳቡ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እንደሚቀመጥ፣ ገጣሚውም ለክቶና ሰፍቶ እንደሚያለብሰው ያምናሉ። ከዚህ እምነት ሁለት ትምህርቶች ተወልደዋል። አንደኛው «ይዘቱ ትክክል ከሆነ ልብሱ ምንም ቢሆን ግድ የለም» ይላል። ሁለተኛው «ልብሱ እግር ብረት ስለሆነ ይውለቅ» ይላል። ሁለቱ በመድረክ ላይ ሲጣሉ ይታያሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ድምፅ ትርጉም አይወልድም ብለው ተስማምተዋልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ስምምነት ማፍረስ ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። በዚህ አነጋገር «ቢያብር» እና «ያስር» በአንድ ቅርጽ የተቀረጹ ቃላት ናቸው። ጆሮ ሁለቱን ሲያገናኝ አእምሮም መተባበርንና ማሰርን እንደ ምክንያትና ውጤት ያገናኛል። አሁን «ክሮች ከተባበሩ አንበሳን መያዝ ይችላሉ» ብለን እንለውጠው። ሐሳቡ አልጠፋም፤ ሆኖም ክርክር ሆኖ ቀርቷል፣ የሚያስተባብለውም ይገኛል። ተረቱን ግን ማን ያስተባብለዋል? ለምን ቢሉ፣ ማስረጃው በድምፁ ውስጥ ታትሟል።

እንግዲህ ቤት መምታት ሁሉ እንዲህ ያለ ኃይል አለው ማለት አይደለም። ለዓላማችን ስንል የሚከተሉትን ሁለት ስንኞች አሰናድተናል፦

ዛፉም ለመለመ፣ ወንዞቹም ሞሉልን፤
መንገዱም ተሠራ፣ ቀናችን በራልን።

ልኩ ቢቆጠር ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሐረጎች የተከፈለ ትክክለኛ ወል ቤት ነው። ቤቱም ይመታል። ይሁን እንጂ ቤቱን የመታው ገጣሚው ሳይሆን ሰዋስው ነው። አማርኛ ግሡን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ በመሆኑ «ልን»፣ «ችን»፣ «ዋል» የመሳሰሉት ባዕድ መድረሻዎች ለማንም ሰው ያለ ዋጋ ይታደላሉ። ከላይ ያሉትን ስንኞች ገልብጠን ብናነብባቸው የሚጎድል ነገር የለም። ግማሹን ብንጥለውም የሚቆጭ አይኖርም። በየበዓሉ ከመድረክ የሚወርደው የመፈክር ግጥም አብዛኛው በዚህ ምጽዋት የሚኖር ነው።

ከዚህ ጋር ሌላ ጥንድ እናነጻጽር። ከእንጅባራ ብዙም በማይርቀው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር ይተክላል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላም ቆርጦ አፈር አልብሶ ከሰል ያወጣዋል። ይህን አይቶ አንድ ሰው እንዲህ ቢል፦

የተከልነው ችግኝ ለዓይን ደን መሰለ፤
አራት ዓመት ቆይቶ በአፈር ሥር ከሰለ።

እዚህ ላይ «መሰለ» እና «ከሰለ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። መምሰል ወደ መክሰል የተለወጠው በመጀመሪያዋ ፊደል መቃጠል ነው ማለት ይቻላል። «ደን መሰለ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ሲሰማ ምስጋና ነበር፤ «ከሰለ» ሲከተለው ግን ጥርጣሬ ሆኖ ወደ ኋላ ይበራል። ስንኞቹን ብንገለብጥ ይህ ይፈርሳል። በ«ከሰለ» ቦታ «ነደደለ» የሚል የሌለ ቃል ከመፍጠር ይልቅ «ተቃጠለ» ብንልም የመጨረሻው ፊደል «ለ» ስለሆነ በፊደል ቆጣሪው መዝገብ ቤቱ ይመታል፤ ጥርጣሬው ግን ጠፍቷል። ደንቡ ተከብሮ ትርጉሙ መሞቱን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር ምን አለ?

ሊቃውንቱ ይህን ያውቁ ነበር። በጎጃም እነ ዋሸራን ባስጠሩት የቅኔ ጉባኤዎች «ቤት» ማለት ስንኙ ራሱ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት አለው፤ መወድስ ስምንት። ቤት በስንኝ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ሳይሆን ሐሳቡ የሚኖርበት ማደሪያ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ሰምና ወርቁም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚቆመው በድምፅ ላይ ነው። «ሰፊ» የሚለው ቃል ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ባለሙያ ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስለሆነም ግጥምን በዝምታ ከሰሌዳ ላይ የሚያስገለብጥ መምህር ለተማሪው የሚሰጠው ግማሹን ግጥም ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ድምፅን እንደ አስማት የሚቆጥሩ አሉ። እነዚህ ወገኖች ጠ፣ ቀ፣ ጨ የቁጣና የስብራት ድምፆች ናቸው ይሉናል፤ ቆረጠ፣ ፈለጠ፣ ሰነጠቀ፣ ቀጠቀጠ እያሉም ምስክር ይጠራሉ። ታዲያ «ጨረቃ»፣ «ፍቅር»፣ «ጣፈጠ» የሚሉት ከየት መጡ? ድምፅ ብቻውን ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚያገኘው በቦታው፣ በጎረቤቱና በድግግሞሹ ነው። ይህን የማይለይ ሐያሲ ፊደል ቆጣሪውን አባርሮ ጠንቋይ በቦታው ያስቀምጣል።

«ቤት መምታት እስር ነው» ለሚሉትም መልስ አለን። ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያሳትም የተለመደውን የቤት አመታት በመድፈሩ ክርክር አስነሥቷል፤ ድፍረቱም ለሥነ ግጥማችን የሚጠቅም ነበር። እንግሊዛዊው ሚልተን «የጠፋችው ገነት»ን ቤት ሳይመታ በ1667 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላ፣ በዓመቱ በጨመረው ማስታወሻ ቤት መምታትን እንደ ባርነት ቆጥሮታል። ነገር ግን ሚልተን ቤቱን ሲተው ልኩን አልተወም። የሩሲያው ማያኮቭስኪ በአንጻሩ በ1926 እ.ኤ.አ. ስለ ግጥም አሠራር ሲጽፍ ዋነኛውን ቃል በስንኙ መጨረሻ እንደሚያኖርና ቤት የሚመታለትን ቃል በማናቸውም ዋጋ እንደሚፈልግለት አስረድቷል። በእኛም አገር ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስምንት ስምንት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የተገነባውን ረጅም ስንኝ ከማዘውተሩ የተነሣ ልኩ «የጸጋዬ ቤት» እስከ መባል ደርሷል። ከእነዚህ አንዳቸውም ድምፅን እንደ ልብስ አላዩትም። አንዱን የድምፅ ሥርዓት የጣለ ሌላውን አጥብቆ ይዟል። ሁሉንም ጥሎ ዓረፍተ ነገርን በአጫጭሩ እየቆረጠ ወደ ታች የሚደረድር ግን ከእስር ያመለጠ ሳይሆን ቤት አልባ ሆኖ የቀረ ነው።

ነገሩ በእንጅባራና በዳንግላ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። በአዊ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአዊኛ ይማራሉ። አዊኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ በቃላቱ ውስጥ ሥራ ያለው ቋንቋ ነው። የምንጽፍበት ፊደል ይህንንም አያሳይም። የቋንቋ ሊቁ ሮበርት ሄትዝሮን በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደተመለከተው የግሡ ርባታ እጅግ የበለጸገ ነው፤ ግሡም በመጨረሻ ይመጣል። እንግዲህ በአማርኛ ምጽዋት የሆነው ቤት በአዊኛ ከምጽዋትም በላይ ይረክሳል ማለት ነው። የአዊኛን ግጥም በአማርኛ የቤት መምቻ ሚዛን መመዘን ልጁን ርካሹን ነገር እንዲያመርትና የቋንቋውን እውነተኛ ሀብት፣ ማለትም ዜማውን፣ እንዲጥል ማስተማር ነው። በአድዋ የተዋደቁትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሱ በራሱ ግልቢያ እንጂ በሌላ እንስሳ ርምጃ አይመዘንም። ግጥሙስ ለምን ይመዘናል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የውድድር ዳኞች «ቤት ይመታል ወይስ አይመታም?» ብለው ነጥብ መስጠታቸውን ትተው «ቤቱ የትኞቹን ቃላት አገናኘ? በመገናኘታቸውስ ምን ተወለደ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ግጥም በክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ይነበብ፤ መጥበቁና መላላቱ፣ ዕረፍቱና ልኩ በጆሮ ይመርመር። ሦስተኛ፣ የአዊኛ ግጥም በአዊኛ ጆሮ ይዳኝ፤ የራሱ የድምፅ ሕግም ከባለ ዜማዎቹና ከአረጋውያኑ አፍ ተሰብስቦ ይጠና።

ይህ ለገጣሚው ሥራ ያበዛበታል እንጂ አያቀልለትም። የሰዋስውን ምጽዋት የለመደ እጅ ቃልን ከቃል ጋር በጉልበቱ ማጋባት ሲጀምር ይደክማል። ይድከም፤ አድማጩ ሕዝብ ሰዋስው በነጻ የሰጠውን መልሶ ሊሰማ ወደ መድረክ አይመጣምና።